ሚኒ ሱሞ የሮቦት ውድድር ልትገቡ ላሰባችሁ፦ እዚያ ምን ይጠብቃችኋል?

ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የአማተሮች የሮቦት ውድድር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተወዳድሬ ነበር። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ብዙዎቹ ከሥራና ከትምህርት በተረፈ ሰዓታቸው የሚለፉ ወጣቶች ናቸው፤ ይህን የምጽፈውም ቀጥሎ የሚገባ ሰው ተዘጋጅቶ እንዲገባ ብዬ ነው። ገና ከጅምሩ ሐሳቤን ልንገራችሁ፦ ግቡ። ገንዘቡም ድካሙም አያስቆጭም። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ እዚያ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ሮቦቱ በተበላሸ ቁጥር ቶሎ አስተካክሎ ለቀጣዩ ግጥሚያ የሚደርስ ቡድን ነው። ኮዳቸው አንደኛ የሆነ ልጆች አንዲት ሽቦ ተነቅላ ሲወጡ አይቻለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ሁለት ሮቦቶች ክብ መድረክ ላይ ይገባሉ፣ ያለ ሰው ትእዛዝ ራሳቸው ተፈላልገው ይገፋፋሉ፣ ከመድረኩ የወጣው ይሸነፋል። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያስጀመረው ፉጂሶፍት የሚባል የጃፓን የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ትልቁ ምድብ 3 ኪሎ ነው፣ መድረኩም 154 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የእኛው ሚኒ ደግሞ 500 ግራም ነው፤ ቁመቱ እስከፈለጋችሁት፣ ወርዱና ርዝመቱ ግን 10 በ10 ሴንቲ ሜትር። መድረኩ ጥቁር ሆኖ ስፋቱ 77 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠርዙ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነጭ መስመር አለው። ዳኛው "ጀምር" ሲል ቁልፉን ተጭናችሁ ትሸሻላችሁ፣ ሮቦቱ 5 ሰከንድ ቆሞ መጠበቅ አለበት። አንዱ ግጥሚያ በድምሩ እስከ 3 ደቂቃ ይፈቀድለታል፤ በተግባር ግን አብዛኛው ዙር ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ሁለት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል።

መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ሚዛኑ ነው። እዚህ ላይ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ፣ ቀልድ የለም። ሮቦቱን ከነባትሪው ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል፣ ቀጥሎ 10 በ10 የሆነ ሳጥን ከላይ ያለብሱታል፣ ሳጥኑ ሳይገፋ በራሱ ካልወረደ አትገቡም። ለማንም አላደሉም። ጠዋት ላይ ሁለት ሦስት ቡድን ጥግ ይዞ ፕላስቲክ በምላጭ ሲቆርጥ፣ ብሎን ሲፈታ ነበር። ስለዚህ ቤት ሆናችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑት፣ አሥር ግራም ያህልም ትርፍ ተዉ፤ የመጨረሻ ቀን የምትጨምሩት ሙጫና ፕላስተር ሳታስቡት ይከብዳል። በዚያው ልክ ደግሞ በጣም ቀሎ እንዳይመጣ። ጎማው መሬት የሚቆነጥጠው በክብደቱ ነውና 350 ግራም ይዞ የገባ ሮቦት ሞተሩ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው ጎማው እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ይገፋል። የቀረላችሁን ግራም በብረት ሙሉት፣ ብረቱንም ታች አድርጉት።

ጎማውንም ይፈትሻሉ። አንድ ቅጠል ኤ ፎር ወረቀት ላይ ሮቦቱን አስቀምጠው ያነሱታል፤ ወረቀቱ ተጣብቆ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ ሙጫ ቀብታችኋል ማለት ነው፣ ጎማውን አጥባችሁ ትመለሳላችሁ። ንጹሕ የሲልከን ጎማ ግን ሕጋዊ ነው፣ ልዩነቱም የትየለሌ ነው። ከእኛ ጎን የነበሩት ልጆች ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ጎማውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ጨርቁን አየሁት፣ ከሁለት ዙር በኋላ ጥቁር ሆኗል። የአዳራሹ አቧራ ሁሉ ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው። እነዚያ ልጆች ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል፣ ሞተራቸው ከማንም የተለየ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ መብራት። የኤሌክትሪኩን አይደለም፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። የፀሐዩን ነው።

የሮቦቱ የታች ሴንሰር ጥቁሩን መድረክ ከነጩ የጠርዝ መስመር የሚለየው ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ መሬት ልኮ የሚመለሰውን በመለካት ነው። ነጩ ብዙ ይመልሳል፣ ጥቁሩ ትንሽ። ፀሐይ ግን ራሷ በኢንፍራሬድ የተሞላች ናት። አዳራሹ ትልልቅ መስኮት ነበረው፣ መጋረጃ የለውም። ጠዋት ሁሉም ሰላም ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዞራ መድረኩን ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹ ጥላ ግማሹ ብርሃን። ከዚያ ያየሁትን ላስረዳችሁ፦ አንዱ ሮቦት ተጋጣሚውን አግኝቶ እየገፋ፣ እየገፋ፣ ልክ የብርሃኑ ድንበር ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዞረ። ባዶ ጥቁር መሬት ላይ ነጭ መስመር የረገጠ መስሎት። ደጋግሞ እንደዚያ አደረገ። ሠሪዎቹ ኮዱ ተበላሽቶ መስሏቸው ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ቀሩ፤ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም ነበር። በመጨረሻ አንዱ ዳኛ ነገሩ ገብቶት ካርቶን አስመጥቶ መስኮቱ ላይ በፕላስተር አስለጠፈ። ጎበዝ ዳኛ ነው። ግን ይሄ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት መደረግ ነበረበት።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት አለ። ሴንሰሩን ከመሬት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አርቃችሁ እሰሩት፣ ዙሪያውን በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ጋርዱት። ከዚያ ደግሞ የጥቁርና የነጩን መለያ ቁጥር ቤት ለክታችሁ ኮዱ ውስጥ ቆልፋችሁ አትምጡ። ሮቦቱ ሲበራ ጥቁሩን አንብቦ፣ ነጩን አንብቦ፣ መካከለኛውን ራሱ እንዲይዝ አድርጉት። አንድ ቁልፍና ጥቂት መስመር ኮድ ነው የሚፈልገው። በየግጥሚያው መሐል ማስለካት ስትችሉ ፀሐይዋ ብትዞርም አትደነግጡም።

የተጋጣሚ መፈለጊያውም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ያቺን ሁለት ዓይን ያላትን ርካሽ የድምፅ ሴንሰር ነው፣ ኤችሲ ኤስአር 04ን። ድምፅ ልካ የገደል ማሚቶውን ትጠብቃለች። ተጋጣሚያችሁ ፊቱን እንደ ቁልቁለት አጋድሞ ከሠራ ድምፁ ወደ ላይ ነጥሮ ይቀራል፣ አታዩትም። ደግሞ እስከ 4 ሜትር ታያለች ስለሚባል መድረኩን ከብቦ የቆመውን ሰው ሁሉ ተጋጣሚ ታደርገዋለች። መድረኩ 77 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ርቀት ኮዱ እንዲንቀው አድርጉ። አቅም ያላችሁ የኢንፍራሬድ ርቀት መለኪያ ግዙ፣ ፈጣን ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቁር የተቀባ ሮቦት ላይ ይደክማል። ሁለቱንም የገጠሙ ቡድኖች ነበሩ፣ እኔም ለቀጣዩ የማስበው እንደዚያ ነው።

አሁን የኤሌክትሪኩ። ሶኬት አልበቃም። ለአንድ ረድፍ ጠረጴዛ አንድ ሶኬት፣ እሱም ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ተቀጣጥሎ። የራሳችሁን ረጅም ዲቫይደር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ ባትሪውን ሁለት አድርጋችሁ ሁለቱንም ሞልታችሁ ግቡ። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር፣ ጄኔሬተሩ አምፖሎቹን አበራ፣ ሶኬቶቹን ግን አላገኛቸውም። ግጥሚያው ቀጠለ። ባትሪው ቻርጀር ላይ የነበረ ሰው ምን እንደተሰማው ገምቱ።

ባትሪ ሲደክም ሮቦቱ ዝግ ማለቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ሁለት ሴል ያለው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፣ እየተጠቀማችሁ ይወርዳል። "ለዚህን ያህል ጊዜ ዙር" ብላችሁ በሚሊ ሰከንድ የጻፋችሁት ኮድ በሙሉ ባትሪ ግማሽ ክብ ያዞረው የነበረውን በደከመ ባትሪ ግማሽ ሳያደርስ ይተወዋል። ከጠርዝ ሸሽቶ መዞር ያለበት ሮቦት ተመልሶ ወደ ጠርዙ የሚሄደው በዚህ ነው። ሞተር ማዘዣችሁ ኤል 298 ከሆነች ደግሞ 2 ቮልት ያህል እሷው ትበላለች፣ በሙቀት ነው የሚወጣው። ቲቢ 6612 ብታገኙ ይሻላል፤ ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ የምትበላውም ጥቂት ነው። እና እባካችሁ፣ ሊፖ ቻርጀር ላይ ትታችሁ ምሳ አትሂዱ። ሲነፋ ወይም እሳት ሲይዝ ጨዋታ አይደለም፣ አዳራሹ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ።

ዕቃ እዚያ አይሸጥም። ውድድሩ እሑድ ስለነበር መርካቶም ሮጦ መግዛት አልተቻለም። የትንንሾቹ ሞተሮች ጥርስ በግጭት ይበላል፣ ይሄ ሁሉም ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ ትርፍ ሞተር፣ ትርፍ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ መበየጃ፣ ሽቦ ይኑራችሁ። የሚታዘዝ ነገር ካለ ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው አግኝታችሁ ብታስመጡ እንኳን ባትሪ በአውሮፕላን ላይ የራሱ ደንብ አለው፣ ሻንጣ ውስጥ ከተው አይልኩትም። ፈርስት ግሎባልን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ለእያንዳንዱ አገር ቡድን አንድ ዓይነት ዕቃ በሳጥን ይልካሉ። እንዲህ ያለው የሰፈር ውድድር ላይ ሳጥን የሚልክላችሁ የለም፣ ማፈላለጉ ራሱ የውድድሩ ግማሽ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተባለ፣ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሲጀመር ወደ 6 ሰዓት ተጠግቶ ነበር። መርሐ ግብር ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፣ ማን ከማን እንደሚጋጠም በድምፅ ማጉያ ብቻ ነው የሚጠራው፣ ማጉያው ደግሞ ከኋላ ረድፍ አይሰማም። አንድ ቡድን ሳይሰማ ቀርቶ በፎርፌ ተሸነፈ። ከሩቅ ነው የመጡት፣ አንጀቴን በሉት። ከቡድናችሁ አንድ ሰው ሥራው ዳኛው አጠገብ መቆም ብቻ ይሁን። መለማመጃው መድረክም አንድ ብቻ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ምሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካፌው ያለው ሻይና ብስኩት ብቻ ነው።

መስመር የሚከተሉ ሮቦቶች ውድድርም በጎን ነበር። ብዙ አልተከታተልኩትም፣ ትራኩ ግን በደንብ የተሠራ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ የተቀደደ ቴፕ አላየሁም።

ስለ ሰዎቹ ካልተናገርኩ ግን አልረካም። ሦስተኛው ግጥሚያችን ሊጀመር ሲል የግራ ጎማችን ከዘንጉ ወለቀ፣ የምታስረው ትንሿ ብሎን ወድቃ ጠፍታለች። ቀጥሎ የምንጋጠማቸው ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ አየችን፣ ምንም ሳትል የራሷን ሳጥን ከፈተች፣ ብሎኗን ፈልጋ ሰጠችን፣ ካቻቢቴውንም ጨምራ። "ቶሎ በሉ፣ ዳኛው እየጠራ ነው" አለችን። ከዚያ ወጥታ አሸነፈችን። እንደዚህ ዓይነት ነገር ቀኑን ሙሉ ነበር። ኮዱን ለጠየቀው የሚያሳይ፣ ባትሪ የሚያውስ፣ አባትና ልጅ አንድ ላይ ሽቦ የሚበይዱ። ለዚህ ስል ብቻ እንኳን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን አዘጋጆቹን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጨዋታው በምድብ ነው ወይስ አንዴ የተሸነፈ ይሰናበታል? የኛው በምድብ ስለነበር እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሦስት ግጥሚያ አግኝቷል፣ በመጀመሪያው የተሸነፉ ልጆችም አስተካክለው ተመልሰው ሲያሸንፉ አይተናል። አንዴ ተሸንፎ መሰናበት ከሆነ የአንድ ወር ልፋታችሁ በአሥር ሰከንድ አልቆ ወደ ቤት ነው፣ እሱን ለጀማሪ አልመክርም።