ለአገር ቤት የሚላክ ታብሌት፦ ፋየር፣ ጋላክሲ ታብ ወይስ አይፓድ?

ከአሜሪካ ለቤተሰብ ታብሌት መላክ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «የአማዞን ፋየር 7 በ60 ዶላር እያለ ለምን 220 አወጣለሁ?» (ዋጋዎቹ ታብሌቶቹ ሲወጡ የነበሩ ናቸው።) መልሱ አጭር ነው፤ 220ውን አውጡና የሳምሰንግ አንድሮይድ ታብሌት የሆነውን ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ ግዙ። ልዩነቱ ያለው አፑ ላይ ነው።

ጥሩ ዕቃ አፕ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ታይቷል። ታችፓድ የተባለው የኤችፒ ታብሌት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በ499 ዶላር ወጣ፤ አፕ የሚሠራለት ግን ጥቂት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ምርቱ ቆመና የተረፈው በ99 ዶላር ተቸበቸበ። ማይክሮሶፍት በ2013 አፕ ለሚያስገባለት ሰው በአንድ አፕ 100 ዶላር እስከ መክፈል ደርሶ ነበር። ሰርፌስ አርቲ የተባለውን ታብሌቱን ግን አላዳነውም፤ በዚያው ዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ።

ወደ እኛ ስንመጣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ዴቨሎፐር (አፕ ሠሪ) አፑን የአንድሮይድ አፕ መደብር በሆነው በጉግል ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት የሚከፍለው 25 ዶላር ነው፣ ያውም አንዴ ብቻ። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ለማግኘት የሚቸገር የአዲስ አበባ ወጣት በየትኛው እንደሚጀምር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የተማሪ መጽሐፍ፣ የጸሎት መጽሐፍ በብዛት የሚገኘው አንድሮይድ ላይ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታም ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በሚሞሪ ካርድ ወስዶ መጫን ይቻላል። አይፓድ የካርድ ማስገቢያ የለውም።

«ፋየርም እኮ አንድሮይድ ነው» የሚል አለ። መሠረቱ ነው፤ ፕሌይ ስቶር ግን የለውም፣ ያለው የአማዞን ስቶር ብቻ ነው። ፕሌይ ስቶርን በግድ ለማስገባት አራት ፋይሎችን በተራ መጫን ይጠይቃል፦ ጉግል አካውንት ማናጀር፣ ሰርቪስስ ፍሬምወርክ፣ ፕሌይ ሰርቪስስ፣ መጨረሻ ላይ ፕሌይ ስቶር። አንዱ እንኳ ከታብሌቱ ሞዴል ጋር ካልገጠመ ስቶሩ ይከፈትና ተመልሶ ይዘጋል፤ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ የሠራውም ሊበላሽ ይችላል። ደሴ ያሉ እናት ይህን ማን ያስተካክልላቸው? 60 ዶላሩም ቢሆን ስክሪኑ ላይ ማስታወቂያ የሚያሳየው ዋጋ ነው፤ ማስታወቂያውን ለማስወገድ 15 ይጨመራል።

ከፋየር የባሰው ኮፒው፣ ማለትም ሐሰተኛው ታብሌት ነው። ካርቶኑ ላይ «12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ» ተጽፎ በርካሽ ከቀረበላችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ የሚነበበውም ቁጥር የተቀየረ መሆኑን ጠርጥሩ። እዚያው ከርነል ቨርዥን (የሲስተሙ እምብርት ቁጥር) የሚለውን እዩ፤ አንድሮይድ 13 ነው እየተባለ ከርነሉ 3.10 ከሆነ ውሸት ነው። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ ሴቲንግ፣ ከዚያ አባውት ግቡ፤ ዲቫይሱ ሰርቲፋይድ (በጉግል የተረጋገጠ) ካልሆነ የባንክ አፕ አልከፈት ሊል ይችላል። በመጨረሻ 40 ጂቢ የሚሆን ቪዲዮ ገልብጡና የመጨረሻዎቹን ፋይሎች አጫውቱ። ሐሰተኛ ሜሞሪ እሺ ብሎ ይቀበላል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም።

አይፓድ በ349 ዶላር ለማን ይሆናል? ሥዕል ለሚሠራ። ፕሮክሪዬት የተባለው የሥዕል አፕ አይፓድ ላይ እንጂ አንድሮይድ ላይ የለም። ዕድሜውም ረጅም ነው፤ በ2019 የወጣው ሰባተኛው ትውልድ አይፓድኦኤስ 18ን (የአይፓዱን ሲስተም) አግኝቷል። ዋትስአፕ ግን ለአይፓድ የራሱን አፕ ያወጣው በ2025 መሆኑን አትርሱ።

ያገለገለ አይፓድ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት» ያድርገው (ሁሉንም ያጥፋው)፤ ከዚያ ዋይፋይ አገናኙና እስከ ሆም ስክሪን ድረስ ሂዱ። የአክቲቬሽን ሎክም (የቀድሞው ባለቤት አካውንት ቁልፍ) ሆነ የትምህርት ቤት ሪሞት ማኔጅመንት (የርቀት ቁጥጥር) የሚታየው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። ሻጩ «እቤት ታስተካክሉታላችሁ» ካለ ተዉት። ስክሪኑም ተሰብሮ የተቀየረ ከሆነ የጣት አሻራውን ሞክሩ፦ እስከ ዘጠነኛው ትውልድ ድረስ ሆም በተኑ ከቦርዱ ጋር የተጣመረ ስለሆነ፣ ጠጋኙ የድሮውን በተን ወደ አዲሱ መስታወት ካላዛወረው አሻራው አይሠራም።