«በሙጫ እንይዘዋለን» ለሚል ሱቅ ላፕቶፓችሁን አትስጡ

ይህ ማስጠንቀቂያ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያት፣ ጣፎ፣ ዓለም ባንክ እና በእነዚህ አካባቢዎች ዙሪያ ለምትኖሩ ነው፤ በተለይ «ከዱባይ የመጣ፣ ንጹሕ» ተብሎ የተሸጠ ያገለገለ ላፕቶፕ ላላችሁ። ኪቦርዱ ሲጫኑት መሐሉ የሚሰምጥ ወይም አንድ ጠርዙ ብድግ ያለ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳለ ጥገና ቤት ስትገቡ ብዙ ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ትሰማላችሁ። አንዱ «በሙጫ እንይዘዋለን፣ እዚሁ ጠብቁ» ነው። ሌላው «ሙሉ ኪቦርድ ይቀየራል፣ ቀብድ አስይዙ» ነው። ሁለቱም የሚነገሩት ላፕቶፑ ሳይከፈት ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የላላ ኪቦርድ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መነሻዎች አሉት። አንዱ ቤት ውስጥ ቪቴ በማጥበቅ ያለ ወጪ ያልቃል። ሌላው የላይኛው ክዳን፣ ማለትም ኪቦርዱ የሚቀመጥበት አካል (ቶፕ ኬዝ)፣ በሙሉ ካልተቀየረ በወጉ አይስተካከልም። ሦስተኛው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የማይቆየው ሦስተኛው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ኪቦርዱ ወደ ታች በመስመጥ ፈንታ ወደ ላይ ከጎበጠ ከሥሩ የተኛው ባትሪ ተነፍቶ ሊሆን ይችላል። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ ሲነፋም ከላዩ ያለውን ኪቦርድና ታችፓድ ይገፋል። ታችፓዱ ሲጫኑት እንደ ድሮው ቀጭ አይልም። ላፕቶፑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። በጎን በኩል ያለው የክዳን መገጣጠሚያ ጥፍር እስኪያስገባ ይከፈታል። ቀን ሙሉ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውልና አልጋ ላይ የአየር መውጫው ታፍኖ የሚሞቅ ላፕቶፕ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እንዲህ ያለውን ኪቦርድ በሙጫ ወይም በቪቴ ኃይል ወደ ታች ማስተኛት የተነፋውን ባትሪ መጭመቅ ማለት ነው፤ ከተቀደደ ወይም ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል። አጥፉት፣ ከቻርጀር ንቀሉት፣ ዳግም ቻርጅ አታድርጉት። ሊነድ ከሚችል ነገር አርቃችሁ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ ከሆነ በካቻቢቴ ልትፈለቅቁት አትሞክሩ፤ የሚያውቅ ሰው ያውጣው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አይጣል። ይህን አይቶ «ችግር የለውም፣ ተጠቀሙበት» የሚል ጠጋኝ ጋ ሌላ ምንም ሥራ አትስጡ።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚበላው እንለፍ። የላፕቶፕ ኪቦርድ የሚታሰረው በሁለት መንገድ ነው። ለቢሮ ሥራ ተብለው የተሠሩት፣ እንደ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲትዩድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ያሉት፣ በአብዛኛው ኪቦርዳቸው በቪቴ ነው የሚታሰረው። ርካሾቹና ቀጫጭኖቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ የላይኛው ክዳን ውስጥ በበርካታ ትናንሽ የፕላስቲክ ሪቬቶች ይያዛል፤ ሪቬቶቹ ፋብሪካ ውስጥ ጫፋቸው ቀልጦ የተደፈጠጠ ነው፣ ዳግም እንዲከፈቱ ታስቦም አልተሠሩም። ጠጋኙ የድሮውን ኪቦርድ ሲገነጥል ሪቬቶቹ ይሰበራሉ። አዲሱን ለመያዝ የቀረውን ጉቶ በብየዳ ብረት ያቀልጣል፣ ወይም ዙሪያውን ሙጫ ይቀባል። የቀለጠ ጉቶ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ጣት በበረታ ቁጥር አንድ በአንድ ይለቃል፣ ኪቦርዱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቀድሞው ብሶ ይሰምጣል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ትክክለኛው ዕቃ ኪቦርዱ ብቻ ሳይሆን ኪቦርድ የተገጠመለት ሙሉ ቶፕ ኬዝ ነው። ሱቁ የነጠላውን ኪቦርድ ዋጋ ነግሯችሁ ከሆነ «ኪቦርዱ በቪቴ ነው የታሰረው ወይስ በሪቬት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቀ ወይም «ምንም ለውጥ የለውም» ካለ ቀብዱን በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ሙጫው ላይ ቆም ብለን እንናገር፣ ምክንያቱም ቀላልና ርካሽ ስለሚመስል ሰው በፈቃዱ ይስማማል። ሱፐር ግሉ ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ በክፍተቱ ገብቶ ከቁልፎቹ ሥር ወዳሉት የመቀስ ቅርጽ ያላቸው ማንጠልጠያዎች ይደርሳል። ሲደርቅ ቁልፉ ወይ አይወርድም ወይ ወርዶ አይመለስም። የሚተነውም ዙሪያውን ነጭ አቧራ የመሰለ ሽፋን ያለብሳል። ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ ትየባ የሚያመጣውን መታጠፍ አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ሙጫውን ለማላቀቅ አሴቶን የሚያፈስ ጠጋኝም አለ፤ አሴቶን ሙጫውን ሲያለሰልስ የላፕቶፑንም ፕላስቲክ አብሮ ይበላል። ከዚያ በኋላ ባትሪ ወይም ራም ለመቀየር መክፈት ያለባችሁ ቀን ክዳኑን ሳይሰብሩ መክፈት አይቻልም።

ኪቦርዱ በቪቴ የታሰረ ከሆነ ግን ሥራው የራሳችሁ ነው። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡ። ከውስጥ ከሆነ የታችኛው ክዳን እንደተከፈተ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። የሚያስፈልገው ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቢቴ፣ ፒኤች 0 ወይም ፒኤች 00፣ ነው። ጫፉ ያለቀ ካቻቢቴ የቪቴውን ራስ ስለሚያሾረው ያን ቀን ያልተፈለገ ሥራ ይፈጥራል። በቀደሙት ቲንክፓዶች ጀርባ ላይ የኪቦርድ ምልክት የተሳለባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ኪቦርዱን የሚይዙት እነዚህ ናቸው። አንዳንድ ላቲትዩዶች ላይ ደግሞ ቪቴዎቹ በቁልፎቹ መሐል ካለው የፕላስቲክ ፍሬም ሥር ተደብቀዋል፤ ፍሬሙ በብረት ሳይሆን በቀጭን ፕላስቲክ ይነሣል።

ቪቴዎቹን ስታወጡ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሣሉና እያንዳንዱን በቦታው በስኮች ለጥፉ። ብዙዎቹ ኤም 2 ወይም ኤም 2.5 (2 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር) ውፍረት አላቸው፣ ርዝመታቸው ግን ይለያያል። 3 ሚሊ ሜትር በሚበቃበት ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትሩን ካስገባችሁ ጫፉ ወይ ማዘርቦርድ ይወጋል ወይ ኪቦርዱን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ያለ ባትሪ መነፋት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጉብ ያለ ኪቦርድ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን። ስትመልሱ ቪቴውን መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩት፤ ጥርሱ ከጥርስ ሲገጥም ትንሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቁ። ሲቆም ተዉት። በድሪል ማጥበቅ የፕላስቲኩን ጥርስ ያበላሻል።

ቪቴው ሁሉ ጠብቆም መሐሉ ላይ፣ ጂ፣ ኤች እና ቢ አካባቢ፣ የሚሰምጥ ከሆነ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ክፍተቱን በወረቀት ለኩ፦ የተለመደው ኤ4 ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወይም ሁለት ድርብ አስገብታችሁ ኪቦርዱን መልሳችሁ ሞክሩ። ልኩ ሲገኝ ወረቀቱን አውጡና በዚያው ውፍረት ሙቀት የሚችል ቡናማውን ካፕተን ቴፕ ደራርባችሁ በኪቦርዱ የብረት ጀርባ ላይ ለጥፉ። አሉሚኒየም ፎይል አይደረግም፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የአሮጌ ባንክ ካርድ ቁራጭም አይሆንም፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያ በዛ ያለ ነው። ፋኑን፣ የሙቀት ማስወገጃውን ብረትና ፈሳሽ ማውጫ ቀዳዳዎችን አትሸፍኑ። ጨርሳችሁ ኤ4 ወረቀት ቁልፎቹ ላይ ዘርጉና ክዳኑን ዝጉ፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ተስቦ ከወጣ ጥሩ ነው። ከያዘ ቁልፎቹ እስክሪኑን እየነኩ ነውና አንድ ድርብ ቀንሱ፤ አለበለዚያ እስክሪኑ ላይ የቁልፍ ምልክት ይወጣል።

ኪቦርዱን ስታነሡ ከሥሩ ስላለው ቀጭን ፍላት ኬብል ተጠንቀቁ። ኬብሉን የምትይዘው ትንሿ ማሰሪያ በጥፍር ወደ ላይ ትነሣለች፤ አንዳንዱ ሞዴል ላይ ደግሞ ወደ ውጭ ትሳባለች። ሳትከፈት ከተሳበ ማሰሪያዋ ትሰበራለች። ችኩል ጠጋኝ ሰብሮ በስኮች ያያይዛትና ይመልሳታል፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ረድፍ ቁልፍ በየጊዜው መሥራት ሲያቆም «ማዘርቦርድ ተበላሽቷል» የሚባለው ወሬ ይጀመራል። የኋላ መብራት ያለው ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ሁለት ኬብል አለው፤ ተቀይሮላችሁ መብራቱ ከጠፋ ወይ አንዱ አልተሰካም ወይ የገጠሙላችሁ መብራት የሌለው ርካሹ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ፊት ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ማየት ትችላላችሁ። ኪቦርዱን በጎን ከብርሃን አንጻር እዩት። ጀርባው ላይ የጎደለ ወይም ራሱ የተላጠ ቪቴ ፈልጉ። በቁልፎች ዳር ነጭ ሽፋን ካለ ሙጫ ነው። የአንዳንድ ቁልፍ ፊደል ከሌላው በቅርጽ ወይም በድምቀት ከተለየ ተቀያይሯል። የኢንተር ቁልፉ ቅርጽ ከክዳኑ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ የሌላ አገር ኪቦርድ በግድ ገብቷል። «በኋላ እናስተካክልላችኋለን» የሚል ቃል ከመክፈል በፊት ካልተፈጸመ አይፈጸምምና ዋጋው ላይ አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ጥገና ቤት መስጠት ግድ ከሆነ ተቀባዩ ራሱ ጠጋኝ መሆኑን ጠይቁ። ሠፈር ውስጥ ተቀብሎ መገናኛ ወይም መርካቶ ልኮ የሚያሠራ ሱቅ አለ፤ በየእጁ ሲያልፍ ዋጋው ይጨምራል፣ ማን ምን እንዳደረገም አይታወቅም። ከመስጠታችሁ በፊት የሲሪያል ቁጥሩን፣ የራሙንና የስቶሬጁን መጠን ጻፉ፣ ፎቶም አንሡ። ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ ሞዴል፣ የሚገባው ዕቃ «ኪቦርድ ብቻ» ወይም «ሙሉ ቶፕ ኬዝ» መሆኑ እና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። የወጣው የድሮ ዕቃ ይመለስላችሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ምን እንደሚገባ ሳይነግሯችሁ ቀብድ ሲጠይቋችሁ መብታችሁን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ቀብድ ከከፈላችሁ ደግሞ ሙጫ እንደማይነካው በዚያው ደረሰኝ ላይ አስጽፉ።