8.8 ወይስ 12.9? እርጥበት ላይ የሚውል ብሎን

8.8 እና 12.9 ብሎን ጭንቅላት ላይ የሚጻፉ የጥንካሬ ደረጃዎች ናቸው። ብሎን ስትመርጡ 12.9 የተጻፈበትን ማንሳት ያጓጓል። የመሳብ ጥንካሬው፣ ማለትም ሲሳብ ሳይበጠስ የሚችለው ጫና፣ 1200 ሜጋፓስካል ነው፤ የ8.8 ግን 800። ደረቅ ቦታ ላይ እኔም 12.9ን እመርጣለሁ።

እርጥበትና ጨው ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ብረት ሲዝግ ሃይድሮጅን ሊፈጠር ይችላል። ወደ ውስጥ ይሰርግና በጣም የጠነከረውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል። ብሎኑ ከታሰረ ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጭንቅላቱ ተቀንጥሶ ይወድቃል። ከላይ ሲታይ ግን ዝገቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በኤሌክትሪክ ዚንክ የተለበጠ 12.9 ደግሞ ይብሳል፤ ሃይድሮጅኑ ገና ሲለበጥ ሊገባበት ይችላል።

8.8 ለስለስ ስለሚል ይህን በደንብ ይቋቋማል። ጉልበቱ ካነሰ ወፈር ያለ ብሎን መጠቀም ወይም ቁጥሩን መጨመር ነው። ዝናብና ጨው ለሚያገኘው ሥራ ምርጫዬ እሱ ነው።