14 ወር ቪትዝ ውስጥ የቆየ ባለ 1 ኪሎ እሳት ማጥፊያ፦ መርፌው አረንጓዴ ላይ መሆኑ አይበቃም

ዕቃው ለዓመታዊ ምርመራ ብዙ ሰው የሚገዛው ቀዩ ባለ 1 ኪሎ ኤቢሲ (ለተለያየ ዓይነት እሳት የሚሆን) ዱቄት ማጥፊያ ነው። ይሄኛው ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚመላለስ መኪና 14 ወር ቆይቷል። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ ዛሬም አረንጓዴው ላይ ነው። ችግሮቹ የታዩት መርፌው በማያሳየው በኩል ነው።

መጀመሪያ የላላው ማቀፊያው ነው። ወንበር ሥር የያዙት ሁለት ብሎኖች በኮብልስቶኑ ንዝረት በ3ኛው ወር ተፈቱ፤ ዳዶው ውስጡ ላስቲክ ባለው ሲቀየር ቆመ። እንዳትንቁት፤ የተንከባለለ ሲሊንደር ፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ከእሳት ያላነሰ አደጋ ነው። በክረምት ደግሞ ከጫማ የሚወርደው ውሃ ምንጣፉ ላይ እየተኛ የቂጡን ቀለም ማሳበጥ ጀምሮ ነበር። ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር።

ዋናው ግን ዱቄቱ ነው። ዱቄቱ በአብዛኛው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ከታች ይጠቀጠቃል። ያኔ እጀታው ሲጨበጥ ዱቄቱን የሚገፋው ጋዝ፣ ናይትሮጂኑ፣ ፉጭ ብሎ ይወጣል፣ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል። በወር አንዴ አውጥታችሁ ዘቅዝቁትና ጆሮ አስጠግታችሁ ስሙት። እንደ ጤፍ ዱቄት ሸርተት ካለ ደህና ነው። ዝም ካለ እስኪላቀቅ ቂጡን በመዳፍ መታ መታ እያደረጋችሁ ገልብጡት። ይሄኛው ሁለት ጊዜ ዝም ብሏል፤ ሁለቱም ጊዜ ወሩ የተዘለለ ነበር።

ጌጁን ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ አንብቡ። 20 ዲግሪ ላይ 12 ባር የሆነው 50 ዲግሪ ሲደርስ 13 ያልፋል፤ ስለዚህ የወረደ ግፊት በቀትር ይደበቃል። የባለሱቅ ሚዛን ላይም አስቀምጡት። መለያው ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ክብደት 50 ግራም በላይ ከጎደለ አይታመንም።

ይሠራ እንደሆነ ብሎ ትንሽ መርጨት ክልክል ነው። ዱቄቱ የቫልቩ መዝጊያ ላይ ተጣብቆ ጋዙ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ለሰከንድም ቢሆን የተረጨ ማጥፊያ ባዶ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ማስሞላት ወይስ መቀየር? ለ1 ኪሎው መቀየር። የሚሞላው ሰው ቫልቩን ፈትቶ፣ ዱቄቱን መዝኖ፣ ኦሪንጉን (የቫልቩን የጎማ ቀለበት) ቀይሮ በደረቅ ናይትሮጂን ካልሞላ ገንዘቡ ባክኗል። ከኮምፕሬሰር የሚገባ አየር እርጥበት ይዞ ዱቄቱን ያጓጉላል።

እሳት ከተነሳ ይሄ ዕቃ የሚሰጠው 8 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር አጥፉ፣ ሰው አውርዱ፣ 939 ይደወል። ኮፈኖውን ብድግ አታድርጉት፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይነሳል። ከውስጥ ያለውን ማንሻ ስባችሁ በክፍተቷ በኩል፣ ከእሳቱ ሥር ሥሩን እርጩ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከሆነ ይሄ ዱቄት አያቆመውም፤ ራቁ።

አዲስ ስትገዙ የሻጩን ተለጣፊ ቀን ተዉትና ሲሊንደሩ ላይ የታተመውን የምርት ዓመት ፈልጉ። ከሌለ አትግዙት።