ሪዮዳይን 7725አይ፦ እጄ ላይ የሚውለው ቫልቭ

የምሠራው አዲስ አበባ፣ መድኃኒት ጥራት የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ናሙና ውስጥ ያለውን ለያይቶ የሚለካው መሣሪያችን፣ ኤችፒኤልሲ፣ ናሙና በራሱ የሚሰጥ አውቶሳምፕለር የለውም። ናሙና የምንሰጠው በእጅ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማዞረው ሪዮዳይን 7725አይ የሚባለውን ቫልቭ ነው። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ በጣም እወደዋለሁ።

ተለማማጅ ተማሪዎች ሲመጡ "ቫልቭ ያው መክፈቻና መዝጊያ አይደል?" ይሉኛል። አይደለም። እቤት ሮቶው ሥር ያለው፣ ሩብ ዙር ዞሮ ጥርቅም የሚለው ቦል ቫልቭ ሥራው እሱ ነው። ጋዝ መስመር ላይ ያለው ኒድል ቫልቭ ግን ቀስ እያሉ እያዞሩ ፍሰት የሚመጥኑበት ነው። በኃይል ካጠበቃችሁት ሹል ጫፉ ይበላሻል። የኤችፒኤልሲው ፓምፕ ውስጥ ያለውን ቼክ ቫልቭ ደግሞ ማንም አያዞረውም። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የሩቢ ኳስ ሰንፔር መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላለች። ፈሳሹ ወደፊት ሲሄድ ትነሣለች፣ ሊመለስ ሲል ትዘጋለች። አንዲት የጨው ቅንጣት ሥሯ ከገባች ግፊቱ ሲዋዥቅ ይውላል።

7725አይ መንገድ ቀያሪ ነው። ስድስት ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ቦዮች የተቀረጹባት፣ ሮተር ሲል የምትባል ክብ ተዟዟሪ ማሸጊያ አለች። እጀታው "ሎድ" ላይ ሲሆን ፓምፑ ፈሳሹን በቀጥታ ወደ ኮለም፣ ናሙናው ወደሚለያይበት ቱቦ፣ ይገፋል። በሲሪንጅ የምሰጠው ናሙና ሉፕ የምንላትን ጥምዝ ቱቦ ይሞላል፣ ትርፉ ወደ ቆሻሻ ጠርሙስ ይወርዳል። ወደ "ኢንጀክት" 60 ዲግሪ ሳዞረው ፓምፑ በሉፑ በኩል አልፎ ናሙናውን ይዞ ይሄዳል። አዲሱ መንገድ የሚከፈተው አሮጌው ሳይዘጋ ስለሆነ ፍሰቱ አይቋረጥም፣ ኮለሙም የግፊት ድንጋጤ አይደርስበትም። ከስሙ ጫፍ ያለችው "አይ" ደግሞ ውስጡ ያለችውን ማብሪያ ታመለክታለች። ልክ ሳዞረው ለኮምፒውተሩ "ጀምር" ትለዋለች።

የምወድለት ነገር ልኩ ነው። ሉፑ 20 ማይክሮሊትር ከሆነ፣ የኔም እጅ ይስጥ የተማሪው፣ ወደ ኮለም የሚገባው ያው ነው። ግን 20 ብቻ አትስጡ። ፈሳሽ ቱቦ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ግድግዳው ጋ ያለው አሮጌው ቶሎ አይወጣም። እኔ 100 ነው የምሰጠው። የፓራሲታሞል ስታንዳርድ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ናሙና፣ አምስት ጊዜ ስሰጥ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጡት ጉብታዎች (ፒኮች) ሥር ያለው ቦታ ልዩነት ከ1 በመቶ በታች ነው የሚመጣልኝ።

መርፌ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ውፍረቱ 22 ጌጅ መሆን አለበት። አንድ ቀን አንድ ተለማማጅ ከፋርማሲ የሚሸጠውን ሹል የሕክምና መርፌ አስገባ። በማግስቱ ከመርፌ መግቢያው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከፍተን ስናይ ሮተር ሲሏ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች። ልጁ ደንግጦ ላብ አጠመቀው፤ ጥፋቱ ግን ቀድመን ያላሳየነው የእኛ ነው። ደግነቱ ቫልቩን መጣል አያስፈልግም፤ ሲሏን ብቻ ቀይረን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርን። አንድ ትርፍ ሲል ከመጀመሪያው አብራችሁ ግዙ። ውጭ አገር አዝዞ መጠበቅ ያስመርራል።

ፎስፌት በፈር የሚባለውን ጨው ያለበት ፈሳሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ማታ ሳታጥቡ አትሂዱ። መጀመሪያ በውሃ፣ ከዚያ ነው ሜታኖል። በቀጥታ ሜታኖል ከገባበት ጨው ይጋገራል። የፈሳሹ ፒኤች ከ10 በላይ ከሆነ ደግሞ አብሮት የሚመጣው፣ ቬስፔል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራው ሲል አይችለውም፤ የቴፍዜል ይፈልጋል።

አውቶሳምፕለር መግዛት ለማይችል ትንሽ ላብራቶሪና ለማስተማሪያ ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። በቀን መቶ ናሙና ለሚሠራ ግን አይሆንም፤ እጅ ይደክማል።

ስትገጥሙት የመውጫ ቱቦዎቹን ጫፍ ከመርፌ መግቢያው እኩል ከፍታ ላይ እሰሩት። ዝቅ ካለ ሉፑ ውስጥ ያለውን ናሙና በራሱ ይስበዋል፣ አየር ይገባል፣ ፒካችሁ ያንሳል። እኛ ይህን እስክናገኝ ሁለት ሳምንት ኮለሙን ስንወቅስ ከርመናል።