ቀዳዳውን ሳያገኝ ጋዝ የማይሞላ የፍሪጅ ጥገና ቤት፣ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ» የሚለውን ፍርድ ሰምቷል። ዕድሜዬን ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ማብሰያ ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ይዞራል፤ ኮምፕረሰሩ ሲጨምቀው ከኋላ ባለው ፍርግርግ ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲተን ደግሞ ከውሃውና ከምግቡ ሙቀት ይቀማል። ቱቦው ደህና ከሆነ ያው ጋዝ ፍሪጁ እስኪያረጅ ያገለግላል። ከጎደለ በቀዳዳ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ የሚሞላውም ተከትሎት ይወጣል።

ልጄ ሳቢያን ሰፈር ትንሽ ጭማቂ ቤት አላት። ከተማችን በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር ለቆመ ሰው እንኳ አታዝንም፤ በዚያ ወቅት ያልቀዘቀዘ የማንጎ ጭማቂ የሚገዛ የባጃጅ ሾፌር የለም። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ባቆመ ቁጥር የሰፈሩ ጠጋኝ ይጠራ ነበር። ስሙን አላነሳም፤ እንደ እሱ የሚሠራው ብዙ ነው። አሠራሩ ይህ ነበር፦ ቱቦውን ይከፍታል፣ የቀረው ጋዝ እያፏጨ ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ ከጣሳ አዲስ ጋዝ ይለቅበታል፣ በመዳፉ ዳብሶ «ቀዝቅዟል» ይላል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሚዛን የለም፤ አየሩን ከቱቦው መጥጦ የሚያወጣ የቫኪዩም ፓምፕ የለም፤ የሳሙና አረፋ እንኳ የለም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ውሃው ለብ ይላል፣ ይደወላል፣ ያው ጣሳ ተመልሶ ይመጣል።

የሚያፏጨው ጋዝ ምን እንደሆነ ፍሪጁ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፦ አር 134 ኤ፣ 150 ግራም። ቀለም የለውም፣ አይቀጣጠልም፣ ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አይፈራውም። ነገር ግን ምድር ወደ ሕዋ የምትመልሰውን ሙቀት በማስቀረት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር፣ በ100 ዓመት ስሌት ከ1,400 እጥፍ በላይ ብርቱ ነው። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት (ጡረታ ይህን ልማድ አያስተውም)። 150 ግራሙ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ ሙሉው ጋዝ ከወጣ 90 ሊትር ያህል ቤንዚን ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ ማንደድ ነው። 90 ሊትር ቤንዚን ባጃጅን ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰፈር ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ ሾፌሮቹን ጠይቋቸው።

አሁን ወደ ጥገና ቤቱ ልምጣ። ለገሃሬ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሳይርቅ በጠባብ ቅያስ ውስጥ ያለ ቤት ነው። የበሩ ሰሌዳ ፀሐይ በልቶት አይነበብም፣ ግቢው በሞቱ ፍሪጆች ተሞልቷል፣ መቀመጫ ብሎ ነገር የለም። የሚሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ፍሪጁን ከመንካቱ በፊት «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ተሞልቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደጋግሞ መሞላቱን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው መጀመሪያ ቀዳዳውን እንፈልጋለን» አለ። ልቤን ያገኘው እዚያው ላይ ነው።

የቀረውን ጋዝ ወደ አየር አልለቀቀውም። በትንሽ መምጠጫ ማሽን ስቦ ባዶ ሲሊንደር ውስጥ ከተተው፤ ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ስለነበር ምን ያህል እንደቀረ ሁላችንም አየን፤ ከግማሽ በታች ነበር። ከዚያ ቱቦውን በናይትሮጅን ነፋና በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። እኔ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም በቢላ የተወጋ በረዶ ቤት ስጠብቅ አረፋው የተነሳው ኮምፕረሰሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ቫልቭ ላይ ሆነ። ቫልቯ ከፋብሪካ የመጣች አይደለችም፤ ያ የሰፈር ጠጋኝ ለመሙያ ብሎ ቱቦውን ወግቶ የተዋት ናት። ጋዙ የሚወጣው በተሞላበት በር ነበር ማለት ነው! ታናሽየው ሳቀ፤ ልጄ ግን እስካሁን የከፈለችውን እያሰላች ስለነበር አልሳቀችም።

ቫልቯን አውጥተው ቱቦውን በየዱት፣ እርጥበት የሚመጥጠውን ማጣሪያ ቀየሩት፣ ቫኪዩም ፓምፑን ለረጅም ሰዓት አሠሩት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው፤ በቱቦው ውስጥ አየርና እርጥበት ከቀረ ቀጭኑ ቱቦ በበረዶ ይደፈናል፣ ኮምፕረሰሩም ዕድሜው ያጥራል። ከዚያ በሚዛን 150 ግራም ብቻ ሞሉ። «ትንሽ ጨምርበት፣ ሙቀቱን ታየው የለ» አልኩት ልፈትነው ብዬ። «ሲበዛ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም» አለኝ። ትክክል ነው፤ ከልክ ያለፈ ጋዝ ኮምፕረሰሩን ያስጨንቃል፣ ቅዝቃዜውንም ይቀንሳል። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ፍሪጁ ያን የመከራ ሰኔ አለፈ፤ ልጄም ከዚያ ወዲህ ስለ ጋዝ አንስታ አታውቅም።

ዋጋው ከጣሳ ሙሌት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ ጊዜ ይከብዳል፣ በዓመት ሲታሰብ ግን ርካሽ ነው። የማልወድላቸው ቀጠሮአቸውን ነው። «ነገ ውሰዱት» ይላሉ፣ ነገ ሲደርስ መለዋወጫው ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ በበርጫ ሰዓት ስልክ ማንሳት ብሎ ነገር የለም። ጭማቂ ሻጭ ያለ ፍሪጅ ስትውል ምን እንደምታጣ የሚያውቅ ሰው ሰዓቱን ይጠብቃል ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ ይቅርታ ጠይቀው በሚቀጥለውም ዘግይተዋል።

ሰው ሲጠገን እያየ ማውራት ይወዳልና በዚያ ግቢ ብዙ የተሳሳተ ነገር ሰማሁ። አንድ ጎረቤት ደንበኛ «የድሬን ሙቀት ያመጣው ይህ የፍሪጅ ጋዝ ነው፣ ኦዞኑን በሳው» አለ። ሁለት ነገር ነው ያቀላቀለው። ኦዞንን የሚጎዳው ክሎሪን ያለባቸው እንደ አር 12 ያሉ የድሮ ጋዞች ናቸው፤ እነሱን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። አር 134 ኤ የአር 12 ተተኪ ሆኖ መጣ፤ ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይነካም፣ ሙቀትን ግን ይይዛል። ይህንንና ዘመዶቹን ለመቀነስ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ ተስማሙ።

ምድርን የሚያሞቀው ዋናው ነገር ግን የልጄ ፍሪጅ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። ትልቁ ድርሻ የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። የደን ጭፍጨፋ አለ፣ ከከብት ሆድና ከቆሻሻ ክምር የሚወጣ ሚቴን አለ፣ ከማዳበሪያ የሚነሳ ናይትረስ ኦክሳይድ አለ። ሲሚንቶም አለበት፤ የኖራ ድንጋይ ሲጋገር ነዳጁ ባይቆጠር እንኳ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካዋ ለምትታወቅ ለድሬ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላችውን ብርጭቆ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ከተራ አየር ይልቅ እንደሚሞቅና ከፀሐይ ሲነሳም ቀስ ብሎ እንደሚበርድ አሳይታለች። በክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ከኋላ ያሉት ሴት ልጆች ቀና ይሉ ነበር።

ታዲያ ስለ 150 ግራም ለምን እጨቀጭቃለሁ? የድንጋይ ከሰል አቃጥሎ መብራት በሚያመነጭ አገር የፍሪጅ ትልቁ ጉዳት የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመጣ ስለሆነ በኤሌክትሪኩ በኩል ያለው ጭስ ጥቂት ነው፤ በእኛ ፍሪጅ ከባዱ ነገር የሚያፈስሰው ጋዝ ነው። የዓለምን የከሰል ማመንጫ ልጄ መዝጋት አትችልም። ቫልቭ ማስደፈን ግን ትችላለች፣ ኪሷም ያተርፋል።

ወንድማማቾቹ ያደሱትን ፍሪጅ ይሸጣሉም፤ ለቤቴ አንድ ወስጃለሁ። ጋዙ አር 600 ኤ ነው፣ ኢሶቡቴን ማለት ነው። ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከአር 134 ኤ ጋር አይወዳደርም፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙም አይርቅም፤ በፍሪጁ ውስጥ ያለውም ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ የበሩ ላስቲክ ግን ትንሽ ስለላላ እጅ ጨምሮ መዝጋት ይፈልጋል። አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ፦ ኢሶቡቴን ይቀጣጠላል። ጋዙ ሳይወጣ የብየዳ እሳት ይዞ የሚቀርብ ጠጋኝ ካያችሁ ከበር መልሱት። እነዚህ ልጆች እንዲህ ያለውን ጋዝ ግቢ ውስጥ አውጥተው፣ ቱቦውን ያለ እሳት በመቆንጠጫ ቀለበት ነው የሚያጋጥሙት።

ስትገዙ ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር እዩ። ፍሪጁ የተሠራበት የአየር ጠባይ በፊደል ተጽፏል፦ «ኤን» እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለሆነ ክፍል ነው። ለሐረር «ኤን» ይበቃ ይሆናል፤ ደንገጎን ወርዳችሁ ድሬ የምትኖሩ «ቲ» ካልሆነ አትግዙ። ከግድግዳውም ራቅ አድርጉት፣ የኋላውን ፍርግርግም ከአቧራ አጽዱት፤ የድሬ ነፋስ ያንን ፍርግርግ በጥቂት ሳምንት አሸዋ ያለብሰዋል።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣቸዋለሁ። ከጎደለው ኮከብ ግማሹ ለቀጠሮው የተቀነሰ ነው። የቀረው ግማሽ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ጥፋት አይደለም፦ ከየፍሪጁና ከየኤር ኮንዲሽነሩ ያወጡት፣ ዓይነቱ የተቀላቀለና ዳግም የማይሞላ ጋዝ በሲሊንደር ሆኖ ግቢው ጥግ ተደርድሯል። «የት ታደርሱታላችሁ?» አልኩት ታላቅየውን። «የሚረከበን እስክናገኝ እዚሁ ነው፣ እናቴ» አለኝ። ሲሊንደሮቹ ደግሞ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ቢያንስ ዳስ ጣሉባቸው ብዬዋለሁ።