ዲጂታል ካሊፐሬ ከ14 ወር በኋላ፦ የመጨረሻዋን ቁጥር ምን ያህል ልመናት?

ደብረ ማርቆስ ባለው ቶርኖ ቤቴ ይህን 150 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋ ይዞ ልኩን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) መጠቀም ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ። በብዛት የሚመጣልኝ የወፍጮ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) እና የመስኖ ፓምፕ ነው። ለሻፍት እንከን አይወጣለትም። ባትሪውን አንዴ ብቻ ቀየርኩ፤ በመንጋጋው መሀል የብረት ብናኝ ካልገባ ዜሮውም አይዛነፍም። ጠዋት ጠዋት ጠርጌ፣ ዘግቼ ዜሮውን ሳላይ ሥራ አልጀምርም።

የፈተነኝ ኢምፔለር ነው፤ በፓምፕ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ገበሬ አንገቱ የተበላ ኢምፔለር ይዞልኝ መጣ። አንገቱን እያዞርኩ አምስት ቦታ ለካሁት፦ 78.42፣ 78.47፣ 78.40፣ 78.44፣ 78.42። ካሊፐሩ ተበላሽቶ አይደለም። ብረቱ እኩል አልተበላም፣ የአውራ ጣቴም ግፊት አንድ ዓይነት አይደለም። አማካዩ 78.43 ነው። ግን ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ?

የአምስቱ ንባቦች መበታተን ለአማካዩ 0.012 ያህል ጥርጣሬ ያመጣል። አምራቹ ለካሊፐሩ የሰጠው ±0.03 በ3 ካሬ ሥር ሲካፈል 0.017 ይሆናል። ሁለቱ ቀጥታ አይደመሩም፤ ካሬያቸው ተደምሮ ካሬ ሥሩ ሲወጣ 0.021 ነው። በ2 ሲባዛ 0.04 ገደማ፤ ይህ 95 በመቶ ያህል የመተማመኛ ወሰን ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት 78.43 ± 0.04 ነው። ለአንገቱ የሚሆነውን ቀለበት የቆረጥኩትም ይህን ክፍተት ይዤ ነው። በመስኮቱ ላይ 0.01 ስለታየ ብቻ 0.01 አውቃለሁ ማለት ከባድ ስህተት ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ሙቀትም አለ። የልኬት መነሻው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 100 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 0.046 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከላይ ያወጣሁትን ወሰን ብቻውን ይውጠዋል። ከቶርኖ የወረደ ትኩስ ዕቃ መለካት ትቻለሁ፤ ዕቃውም ካሊፐሩም አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው እስኪበርዱ እጠብቃለሁ።

በክንፎቹ ላይ ግን ካሊፐሩ አቅቶታል። ጠፍጣፋው መንጋጋ በጎደጎደው የክንፍ ገጽ ላይ በሁለት ጠርዝ ብቻ ያርፋል፣ መሀሉ ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ውፍረቱን አብልጦ ያሳያል። ደግሞ ደጋግሜ ብለካ ያንኑ ስህተት ይደግምልኛል፤ አማካይ አያድነኝም። በቀጭኑ የመንጋጋ ጫፍ ስይዘው ይሻላል፣ ግን እጄ ትንሽ ካዘነበለ ንባቡ ይዘላል። ለክንፍ ኳስ ጫፍ ያለው ማይክሮሜትር እገዛለሁ፤ ይህኛው ከሻፍቱ ጋር ይቀጥላል።